ተጠቃሚን ሳያስቸግሩ ቨርዥን መቁጠርና የማይጣጣም ለውጥ ማድረግ፦ ዝርዝር መመሪያ

ላይብረሪም (ሌሎች ፕሮግራማቸው ውስጥ የሚያስገቡት ዝግጁ ኮድ) ሆነ ኤፒአይ (ሌሎች ፕሮግራሞች ሰርቨራችሁን የሚጠሩበት መንገድ) ሠርታችሁ ሌላ ሰው ሥራው ውስጥ ካስገባው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትነኩት እያንዳንዱ መስመር የእሱንም ቤት ይነካል። እሱ ግን የእናንተን ኮድ ገልጦ አያነብም፤ የሚያየው ቁጥሩን ነው። ቁጥሩ ከ1.4.2 ወደ 1.4.3 ሲሄድ ሳይፈራ አፕዴት ያደርጋል። ወደ 2.0.0 ሲሄድ ቆም ብሎ ጊዜ ይመድባል። ይህ እምነት አንዴ ከፈረሰ መመለሱ ከባድ ነው፤ አንድ ጊዜ የተጎዳ ተጠቃሚ ከባድ የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፍን ቨርዥን ብትለቁለት እንኳ «ደግሞ ምን ያበላሽብኝ ይሆን» እያለ ለወራት ያዘገየዋል።

ቁጥር መስጠቱ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን የሚሠሩበት በቂ ጊዜ ለተጠቃሚው ማመቻቸት ነው፤ መመሪያው አብዛኛውን ቦታ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ለምሳሌ የምጠቀመው የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊው፣ ጎርጎርዮሳዊውን ወደ ኢትዮጵያ የሚለውጥ አነስተኛ ላይብረሪ ነው። ብዙዎቻችን ወይ ራሳችን ጽፈነዋል፣ ወይ ሌላ የጻፈውን ተጠቅመናል። በምሳሌው ውስጥ ካሉት የኢትዮጵያ ቀኖች በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ቃል የገባችሁበትን ጻፉ

በብዛት የሚሠራበት ደንብ ሴማንቲክ ቨርዥኒንግ ይባላል። ያዘጋጀው ኮድ የሚቀመጥበትና የሚጋራበት ድረ ገጽ ከሆነው ከጊትሃብ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቶም ፕሬስተን-ወርነር ነው፤ 2.0.0 የተባለው የደንቡ እትም በ2013 ወጣ። ደንቡ ከማንኛውም ነገር አስቀድሞ የሚጠይቀው ለውጭ ተጠቃሚ የተፈቀደው ክፍል የትኛው እንደሆነ በግልጽ እንዲታወቅ ነው። ይህ ካልተለየ «ሰበርኩ ወይስ አልሰበርኩም?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይገኝም።

ስለዚህ ሪድሚ ፋይላችሁ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፦ የትኞቹ ፋንክሽኖች ለተጠቃሚ ናቸው፣ ምን ይቀበላሉ፣ ምን ይመልሳሉ፣ ሲሳሳቱ ምን ዓይነት ኤረር ያወጣሉ፣ በየትኞቹ የፓይተን ቋንቋ ወይም የኖድ (የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ) ቨርዥኖች ላይ ይሠራሉ። የቀረው የውስጥ ጉዳይ ነው፤ እሱንም ውስጣዊ መሆኑን ጻፉ። በፓይተን ስሙን በሥርሰረዝ መጀመር ልማድ ነው፤ በጃቫስክሪፕት ደግሞ ኤክስፖርት አለማድረግ ይበቃል።

2. ሦስቱን ቁጥሮች ለዩ

የመጀመሪያው ሜጀር፣ መካከለኛው ማይነር፣ የመጨረሻው ፓች ነው። በቀን ላይብረሪያችን እንየው።

ላይብረሪው ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን አድርጎ ይቆጥራል እንበል። 2015 ዓ.ም. ግን ጳጉሜ 6 የሆነችበት ዓመት ነበር፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023ን ለውጥልኝ ሲባል ጳጉሜ 6 ማለት ሲገባው መስከረም 1 ቀን 2016 ብሎ ይመልሳል። ይህን ማረም ፓች ነው፤ ቁጥሩ ከ1.4.2 ወደ 1.4.3 ይሄዳል። ቀኑን በግዕዝ ቁጥር የሚጽፍ፣ 2016ን ፳፻፲፮ ብሎ የሚያወጣ አዲስ ፋንክሽን ስትጨምሩ የነበረው ሁሉ እንደነበረ ስለሚቆይ ማይነር ነው፤ 1.5.0 ይሆናል። መካከለኛው ሲጨምር የመጨረሻው ወደ ዜሮ እንደሚመለስ አትርሱ። እስካሁን ጽሑፍ ይመልስ የነበረውን ፋንክሽን ዓመት፣ ወርና ቀን ለየብቻ የያዘ ኦብጀክት እንዲመልስ ብታደርጉት ግን፣ የቱንም ያህል የተሻለ ቢሆን፣ የሰዎችን ኮድ ያቆማል። 2.0.0 ነው።

ቁጥሮቹ አስርዮሽ አይደሉም። ከ1.9.0 ቀጥሎ 1.10.0 ይመጣል፤ 1.10.0 ደግሞ ከ1.9.0 ይበልጣል። ቨርዥንን እንደ ጽሑፍ የሚያወዳድር ኮድ ግን በፊደል ተራ ስለሚሄድ 1.10ን ከ1.9 ያሳንሰዋል። ፓይተን 3.10 በ2021 ሲወጣ ይኸው ታይቷል፦ የያምል (የማዋቀሪያ ጽሑፍ ቅርጸት) ፋይል ላይ ቁጥሩን ያለ ጥቅስ ምልክት የጻፉ ሰዎች 3.10 እንደ አስርዮሽ ተነቦ 3.1 ሆኖባቸዋል። የቨርዥን ማወዳደሪያ ራሳችሁ አትጻፉ፤ በየቋንቋው የተዘጋጀውን ላይብረሪ ተጠቀሙ፣ ያምል ውስጥም ቁጥሩን በጥቅስ ምልክት መሐል አድርጉት።

በዜሮ የሚጀምር ቁጥር፣ ለምሳሌ 0.3.0፣ «ገና እየሠራሁት ነው፣ ሁሉም ሊለወጥ ይችላል» ማለት ነው። ይህ ፈቃድ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይጠቅማል። ሰዎች ደመወዝ የሚከፍሉበት ወይም ቀጠሮ የሚይዙበት ሥራ ላይ ካዋሉት በኋላ ግን በዜሮ መደበቅ ተገቢ አይመስለኝም። 1.0.0 በሉትና ኃላፊነቱን ውሰዱ።

ላይብረሪ ላልሆነ ነገር በቀን መቁጠርም ይቻላል። ኡቡንቱ 24.04 ማለት በኤፕሪል 2024 የወጣው ማለት ነው። በቀን የምትቆጥሩ ከሆነ አንድ የዘመን አቆጣጠር ያዙና ከሱ አትውጡ፤ በ2024.04 የጀመረ ፕሮጀክት ቀጥሎ 2016.09 ብሎ ቢለቅ ፓኬጅ ማናጀሩ (ላይብረሪዎችን አውርዶ የሚጭነው ፕሮግራም) አዲሱን እንደ አሮጌ ይቆጥረዋል።

3. የማይታዩትን ስብራቶች ፈልጉ

ፋንክሽን መሰረዝ ወይም ስሙን መለወጥ እንደሚሰብር ሁሉም ያውቃል። ተጠቃሚን ብዙ ጊዜ የሚጎዱት ግን «ይህማ ምን ችግር አለው» ተብለው የሚያልፉት ናቸው፦ ግዴታ ያልነበረን ግብዓት ግዴታ ማድረግ፣ ሳይሞላ ሲቀር የሚወሰደውን ነባሪ ዋጋ መለወጥ፣ ቀድሞ ባዶ ይመልስ የነበረውን ኤረር እንዲያወጣ ማድረግ፣ የዝርዝሩን ቅደም ተከተል መቀየር፣ የሚፈለገውን ዝቅተኛ የፓይተን ቨርዥን ከፍ ማድረግ።

የጉግል ኢንጂነር የነበረው ሃይረም ራይት ያስተዋለውና በስሙ የተጠራ ሕግ አለ። ጭብጡ ይህ ነው፦ ተጠቃሚዎቻችሁ ሲበዙ፣ ቃል ብትገቡም ባትገቡም፣ ከኮዳችሁ በሚታየው ባህርይ ሁሉ ላይ የሚደገፍ ሰው አይጠፋም።

ከእኛው አገር ጥሩ ማሳያ አለ። በኢትዮጵያ የሞባይል ቁጥር በ09 ሲጀምር ኖረ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2022 አገልግሎት ሲጀምር በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች መጡ። የስልክ ቁጥር ትክክለኛነት የሚያጣራ ላይብረሪ አላችሁ እንበል። 07ንም እንዲቀበል ማድረግ ማስፋት እንጂ ማጥበብ ስላልሆነ ማይነር ይመስላል። አንድ ተጠቃሚያችሁ ግን ቦታ ለመቆጠብ ብሎ 09ን ቆርጦ የቀሩትን ስምንት አሃዞች ብቻ ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀምጥ፣ ሲያሳይ ደግሞ ከፊት 09 ይቀጥል ይሆናል። እስከዛሬ የእናንተ ማጣሪያ ከ09 ሌላ ስለማያሳልፍ ልክ ነበር። ከአፕዴቱ በኋላ በ07 የተመዘገበ ደንበኛ መልእክት በ09 ለሚጀምር ሌላ ሰው ይላካል። ኤረር የለም፣ ዋርኒንግ የለም።

ጥፋቱ የእናንተ ነው ለማለት አይደለም። እኔ ብሆን ይህን ማይነር ብዬ እለቀዋለሁ፤ የለውጥ መዝገቡ አናት ላይ ግን «ከዚህ ቨርዥን ጀምሮ በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች ያልፋሉ፤ 09ን ቆርጣችሁ የምታስቀምጡ ካላችሁ አስቀድማችሁ አስተካክሉ» ብዬ እጽፋለሁ። ቁጥሩ የማይነግረውን ዓረፍተ ነገር ይናገርለታል።

4. ከመስበር በፊት ጨምሩ

አብዛኛው የማይጣጣም ለውጥ ሳይሰብሩ ሊደረግ ይችላል። መንገዱም አንድ ነው፦ አሮጌውን ባለበት ተዉት፣ አዲሱን ከጎኑ በሌላ ስም አስቀምጡ።

ላይብረሪያችን «ወር» የሚል ፋንክሽን አለው እንበል፤ ጃቫስክሪፕት ጃንዋሪን 0 ብሎ እንደሚጀምር ሁሉ ይህም መስከረምን 0 ብሎ ይጀምራል። ሰዎች እየተምታታባቸው ስለሆነ ከ1 እንዲጀምር ፈለጋችሁ። በዚያው ስም ብትለውጡት ምን ይሆናል? የማንም ፕሮግራም አይቆምም። የሁሉም ሰው የልደት ቀን ግን በአንድ ወር ይዛነፋል፤ ይህም የሚታወቀው ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ሰው መታወቂያው ላይ ሲያየው ነው። ሳይጮህ የሚሰብር ለውጥ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ሜጀሩን ወደ 2 ማሳደጋችሁም አያድነውም። «የወር_ቁጥር» የሚል አዲስ ፋንክሽን ጨምሩ፤ እሱ ከ1 ይቁጠር። «ወር» የሚጠፋበት ቀን ሲደርስ ያልቀየረ ሰው ወዲያውኑ «እንዲህ የሚባል ፋንክሽን የለም» የሚል ኤረር ያያል። ከተሳሳተ ቀን የቆመ ፕሮግራም በብዙ ይሻላል።

ፓይተን ሁለቱንም ዓይነት አሳይቶናል። በፓይተን 2 ሲጻፍ የኖረው ያለ ቅንፍ የሆነው የፕሪንት ትእዛዝ በፓይተን 3 ላይ ፋይሉን ገና ከመነሻው ያስቆመዋል፤ ያናድዳል፣ ግን ይታያል። 5 ለ2 ሲካፈል በፓይተን 2 መልሱ 2 ነበር፣ በፓይተን 3 ግን 2.5 ነው፤ ይኼኛው ዝም ብሎ ያልፋል። የቋንቋው ሠሪዎች አደጋውን አውቀውት ስለነበር፣ በ2001 ከወጣው ፓይተን 2.2 ጀምሮ አዲሱን አካፋፈል በፋይሉ አናት ላይ በአንድ መስመር አስቀድሞ መምረጥ ይቻል ነበር። ይህን ዘዴ ውሰዱ፦ ነባሪው አሮጌው ሆኖ ይቆይ፣ የፈለገ ሰው አዲሱን በአንድ ምርጫ ያብራ፤ በሜጀሩ ጊዜ ነባሪው ይገለበጥ።

5. እንደሚወጣ ቀድማችሁ አስታውቁ

ዲፕሪኬት ማድረግ የምንለው ይህ ነው። አሮጌው አሁንም ይሠራል፤ በተጠራ ቁጥር ግን ማስጠንቀቂያ ያሰማል። የሴማንቲክ ቨርዥኒንግ ደንብም ፋንክሽኑ በሜጀር ከመውጣቱ በፊት ማስጠንቀቂያውን የያዘ ቢያንስ አንድ ማይነር እንዲለቀቅ ይመክራል።

«ይህ ፋንክሽን ዲፕሪኬትድ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ሰውን ከማስጨነቅ በቀር አይረዳም። ማስጠንቀቂያ አራት ነገር መናገር አለበት፦ ምን፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በምን ይተካ፣ መቼ ይወጣል። ለምሳሌ፦

«ወር» ከ1.6.0 ጀምሮ እንዲቀር ተወስኗል፤ በ2.0.0 ይወጣል። በምትኩ «የወር_ቁጥር» ይጠቀሙ። ልዩነት፦ «ወር» መስከረምን 0 ይል ነበር፣ አዲሱ 1 ይላል። ውጤቱ ላይ 1 ይደምሩ የነበሩ ከሆነ ድምሩን ያጥፉ።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉ። ከ0 የሚጀምር ወር ያስቸገረው ሰው ኮዱ ውስጥ 1 መደመሩ አይቀርም፤ ስሙን ብቻ ቀይሮ ካለፈ ወሩ በአንድ ይበልጥበታል። ጥሩ ማስጠንቀቂያ ለመጻፍ ተጠቃሚው ምን ብሎ እንደጻፈ መገመት ያስፈልጋል። በጊትሃብ ላይ የላይብረሪያችሁን ስም ፈልጉና ሰዎች በምን መልኩ እንደሚጠሩት አንብቡ፤ ያላሰባችሁትን አጠቃቀም ማግኘታችሁ አይቀርም።

ስንት ጊዜ መስጠት ይገባል? እንደ ተጠቃሚው ነው። በሳምንት የሚለቅ የሶፍትዌር ቡድን ሦስት ወር ይበቃው ይሆናል። በጀት ይዞ በዓመት አንዴ ሲስተሙን የሚያስነካ መሥሪያ ቤት ግን ከዓመት በታች አይበቃውም።

6. ሜጀሩን ስትለቁ

ከሙሉው በፊት ቅድመ ልቀት አውጡ። ከቁጥሩ ቀጥሎ ሰረዝ ተደርጎ አልፋ፣ ቤታ ወይም አርሲ ይጨመራል፤ ፋይሉ ውስጥ በላቲን ፊደል ይጻፋል። 2.0.0-ቤታ.1 ከ2.0.0 ያነሰ ሆኖ ይቆጠራል፤ ፓኬጅ ማናጀሮችም በአብዛኛው ቅድመ ልቀትን ሳይጠየቁ አይጭኑም። ሦስት አራት ተጠቃሚዎችን በቀጥታ አነጋግራችሁ በሥራቸው ላይ አስሞክሩት።

የመሸጋገሪያ መመሪያም አያይዙ። እያንዳንዱን ለውጥ «እንዲህ ከነበረ፣ እንዲህ አድርጉት» ብላችሁ ከነኮዱ አስቀምጡ። ከሚበዛው ጀምሩ፤ ጥቂቶችን ብቻ የሚነካው ወደ ታች ይውረድ። 2.0.0 ውስጥ አዲስ ነገር አታብዙ፤ ዲፕሪኬት የተደረጉት የወጡበት ብቻ ቢሆን ይመረጣል። በ1.9.0 ላይ ማስጠንቀቂያ የማያይ ሰው አንድ መስመር ሳይነካ ወደ 2.0.0 መሻገር አለበት። አዲሶቹ ነገሮች በ2.1.0 ይድረሱ።

ይህን አጥብቄ የምለው ፓይተን ካለፈበት በመነሳት ነው። ፓይተን 3.0 በዲሴምበር 2008 ወጣ። መጀመሪያ የታሰበው ሰዎች ኮዳቸውን በመለወጫ ፕሮግራም አንድ ጊዜ ገልብጠው እንዲሻገሩ ነበር። ላይብረሪ ጸሐፊዎች ግን በሁለቱም ላይ ያሉ ተጠቃሚዎች ስላሏቸው በአንድ ኮድ ሁለቱንም ማገልገል ነበረባቸው፤ 3.0 ደግሞ ያን ከባድ አድርጎት ነበር። የዩኒኮድ ጽሑፍን ለማመልከት ከጥቅስ ምልክቱ በፊት የምትጻፈዋ «ዩ» ፊደል እንኳ ተሰርዛ ነበር። በ2012 በወጣው 3.3 ያችኑ ፊደል መለሷት፤ ለፓይተን 3 ራሱ ምንም አትጠቅምም፣ ጥቅሟ አንዱ ፋይል በሁለቱም ላይ እንዲሠራ ማስቻሏ ብቻ ነው። ለፓይተን 2.7 የሚሰጠው ድጋፍ በ2015 እንዲያበቃ ታስቦ የነበረው ወደ 2020 ተገፋ። ከ3.0 መውጣት እስከ 2.7 መዘጋት አሥራ አንድ ዓመት ማለት ነው። ሰው የሚሻገረው አንድ ኮድ በሁለቱም ላይ የሚሠራበት ጊዜ ሲኖረው ነው፤ ያን ጊዜ ከመጀመሪያው አስቡበት።

ሜጀሩ ከወጣ በኋላ የ1ን ቅርንጫፍ ሳትዘጉ፣ የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ እስከ መቼ እንደምታደርጉበት ቀኑን ጻፉ። አዲስ ነገር እዚያ አትጨምሩ።

7. ሳታውቁ ከሰበራችሁ

1.7.0 ብላችሁ የለቀቃችሁት የሰዎችን ኮድ ካቆመ፣ ፈጽሞ የማይደረገው ፋይሉን አርሞ በዚያው 1.7.0 መልሶ መጫን ነው። አንዱ ተጠቃሚ አሮጌውን 1.7.0፣ ሌላው አዲሱን 1.7.0 ይዞ ችግሩን የሚያገኘው ይጠፋል። ሳይውል ሳያድር የድሮውን ባህርይ የሚመልስ ቀጣይ ቨርዥን ልቀቁ፤ ለውጡን ከፈለጋችሁት ለ2.0.0 አቆዩት። የተበላሸውን ደግሞ የፓይተን ፓኬጆች ማከማቻ በሆነው በፓይፒአይ ላይ «ያንክ» አድርጉት፤ ቁጥሩን ለይቶ የጠየቀ ካልሆነ በቀር ከዚያ በኋላ ለአዲስ ተጠቃሚ አይወርድም። የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች ማከማቻ በሆነው በኤንፒኤም ላይ ዲፕሪኬት የሚል ትእዛዝ አለ፤ የሚያወርደው ሰው የጻፋችሁትን ማስጠንቀቂያ ያያል።

ጨርሶ ማጥፋት ግን ሌላ ጉዳት አለው። በማርች 2016 አንድ ጸሐፊ ፓኬጆቹን ከኤንፒኤም ላይ ሲያነሳ ሌፍት-ፓድ የተባለው አሥራ አንድ መስመር ገደማ የነበረው ኮድ አብሮ ወጣ፤ በሱ ላይ በቀጥታም በተዘዋዋሪም የተደገፉ እጅግ ብዙ ፕሮጀክቶች መገንባት አቃታቸው። ከዚያ በኋላ ኤንፒኤም ፓኬጅ የማንሳት መብትን አጥብቧል።

8. ኤፒአይና የሞባይል አፕ ሲሆን

ላይብረሪ ላይ ተጠቃሚው በአሮጌው መቆየት ይችላል። ሰርቨር ላይ ግን አሮጌውን የምታጠፉት እናንተ ስለሆናችሁ ኃላፊነቱ ይከብዳል። የተለመደው ዘዴ ሜጀር ቁጥሩን በአድራሻው ውስጥ ማስገባት ነው። የክፍያ ድርጅቱ ስትራይፕ ደግሞ ቨርዥኖቹን በቀን ይሰይምና እያንዳንዱን ደንበኛ በጀመረበት ቀን ቨርዥን ላይ ያቆየዋል፤ ደንበኛው ራሱ ካልቀየረ አይለወጥበትም። ትንሽ ቡድን ከሆናችሁ የመጀመሪያው ይበቃል።

የሞባይል አፕ ላይ ደግሞ የራሳችን ሁኔታ አለ። ብዙ ሰው ዳታ ስለሚቆጥብ አፕዴት አጥፍቷል፤ ኤፒኬው (የአንድሮይድ አፕ መጫኛ ፋይል) በቴሌግራም ወይም ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። ስለዚህ ከዓመት በፊት ያወጣችሁት አፕ ዛሬም ሰርቨራችሁን እየጠራ እንደሆነ ቁጠሩት። አፑ በእያንዳንዱ ጥሪ ቨርዥኑን እንዲልክ ከመጀመሪያው ቀን አድርጉ፤ በኋላ ብትጨምሩት የቀደሙትን መለየት አትችሉም። አፑ ሲከፈት «ዝቅተኛው የሚደገፍ ቨርዥን ስንት ነው?» ብሎ ሰርቨሩን ይጠይቅ። ካነሰ፣ የሚወርደውን ፋይል መጠን በሜጋባይት ገልጾ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ እንደ ተጠቃሚው ቋንቋ አፕዴት ያስፈልጋል ይበል። አንድሮይድ ላይ ለተጠቃሚ የሚታየው የቨርዥን ስም ሌላ፣ ሲስተሙ የሚያወዳድረው ሙሉ ቁጥር የሆነው ቨርዥን ኮድ ሌላ ነው፤ ሁለተኛው በእያንዳንዱ ልቀት መጨመር አለበት።

9. አሮጌውን መዝጋት

ቀኑ ሲቃረብ የሰርቨሩን ሎግ ተመልከቱ። ማን ቀረ? ስንት ጥሪ ከየትኛው የተጠቃሚ መለያ ቁልፍ ይመጣል? ኢሜይል የማይመልሱትን በስልክ ፈልጓቸው፤ ብዙ ጊዜ ኮዱን የጻፈው ሰው ሥራ ለቆ፣ ማስጠንቀቂያችሁ ማንም በማይከፍተው ኢሜይል ሲጠራቀም ነው የሚገኘው። በምላሹ ራስጌ (ሄደር) ላይ የመዝጊያውን ቀን የሚያስታውቅ «ሰንሴት» የሚባል መስክ ከ2019 ጀምሮ አለ፤ እሱንም ላኩ።

ከዚያ አጭር መዝጋት ሞክሩ። ጊትሃብ በኦገስት 2021 የጊት (የኮድ ለውጥ መከታተያ) ሥራዎችን በይለፍ ቃል ማከናወንን ሲያስቀር፣ አስቀድሞ በታወቀ ቀን ለሰዓታት ዘግቶ ይከፍተው ነበር። ማስጠንቀቂያ ያላነበበ ሰው ያን ዕለት ያውቃል፣ ለማስተካከልም ጊዜ አለው። ለዚህ የሥራ ቀን ጠዋት ምረጡ፤ የደመወዝ ሰሞንና የበዓል ዋዜማ ይቅር።

በመጨረሻው ቀን አድራሻውን በ404 ሳይሆን በ410 የምላሽ ኮድ መልሱ፤ «የለም» ሳይሆን «ነበረ፣ ተነሥቷል» ማለት ነው። ከምላሹ ጋር የመሸጋገሪያ መመሪያውን አድራሻ አያይዙ፤ የአሮጌውንም ማብራሪያ ከድረ ገጹ አታንሱት፤ ለሚቀጥሉት ዓመታት ያን ኮድ ተረክቦ የሚያነብ ሰው ምን ለማድረግ ታስቦ እንደነበረ የሚያገኘው እዚያ ብቻ ነው።